የሲ ቋንቋው ታዛቢ

ሰኞ፣ ጥር 7

«ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆኑ ባልደረቦች የሲ ፕሮግራሚንግ ሥልጠናውን በታዛቢነት መከታተል ይችላሉ። ፈተና እንዲቀመጡ አይጠበቅባቸውም።»

ቃል በቃል የገለበጥኩት ነው፤ ነጥቡ እንኳ አልተነካም። ዛሬ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ከሥሩ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ፊርማ አለ፣ ቲተር አለ፣ ቀን አለ። የሌለው ይሉኝታ ብቻ ነው።

ታዛቢ! ምርጫ ነው? ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው። በፊዚክስ በማዕረግ የተመረቅኩ ሰው ነኝ። የከተማው ሚዛን ሁሉ፣ ከወርቅ ቤቱ እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ እኔ በምመራው ክፍል ተፈትሾ ነው የሚሠራው። አንድ ግራም የሚያጎድል ሚዛን ከበር የምመልስ ሰው አሁን እጄን አጣጥፌ ልመልከት።

ነገሩ የኩራት ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። (አልተወውም፤ ግን እንበል።) ከመጪው ዓመት ጀምሮ ኤሌክትሮኒክ ሚዛኖች የሚፈተሹበት አዲስ ጠረጴዛ ይከፈታል። መፈተሻ ፕሮግራሞቹን የሚጽፉት እዚያው የሚመደቡት ሠራተኞች ናቸው፤ የሚጽፉትም በሲ ቋንቋ ነው። ፈተናውን ያለፈ ጠረጴዛው ላይ ይመደባል። ያላለፈ ወይም ያልተፈተነ «በአማካሪነት» ወደ መዝገብ ክፍል ይዛወራል። ከእኔ በፊት የነበረውን የክፍል ኃላፊ እዚያ ነበር ያስገቡት። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አንድ ጊዜ ብቻ አማከሩት፤ እሱም የመጋዘኑ ቁልፍ የት እንዳለ ጠይቀውት ነው።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ቢሮ ድረስ ሄድኩ። እኔና እሷ ሥራ የጀመርነው በአንድ ወቅት ነው፤ ያንን እንኳ አላሰበችም።

«ለእርስዎ አስበን እኮ ነው» አለችኝ።

«ካሰባችሁልኝ በጽሑፍ አስቡልኝ» አልኳት። እንደ ሌላው ሠራተኛ ልፈተን የሚለውን ማመልከቻዬን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት። በሥራዋ ስንቱን ጩኸት የሰማች ስለሆነች በእኔ ጩኸት አትደነግጥም። ጫማዋን እያወለቀች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣ «ታዛቢነትስ ጥሩ ነበር፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ትለምድበት ነበር» አለች።

ማክሰኞ፣ ጥር 8

የመጀመሪያው ትምህርት ዛሬ ከሥራ በኋላ በሦስተኛው ፎቅ አዳራሽ ተሰጠ። አሥር ኮምፒዩተሮች አሉ፤ ከአሥሩ የአንዱ ኪቦርድ ይጣበቃል። የደረሰኝ እሱ ነው።

መጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። መምህርቷ ዕድሜዋ ከምሠራበት ጠረጴዛ ያንሳል። ስም ስትመዘግብ፣ «ተማሪ ነዎት ወይስ ታዛቢ?» አለችኝ። «ተማሪ» አልኩ። ምንም ሳትል ጻፈች። ወድጃታለሁ። በክፍል ውስጥ አንቱ፣ በኮሪደር አንቺ ልላት ወስኛለሁ፤ ሥርዓት ሥርዓት ነው።

አጠገቤ የተቀመጠው የክፍላችን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሽቦ እንለዋለን። ስሙን ያገኘው በቅጥነቱ ነው፤ ሥራው በኋላ ነው የገጠመለት።

ኃላፊዋም ራሷ መጥታለች። ደብተር ይዛ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ማን ምን እንደተሳሳተ ልትመዘግብ ነው። ትመዝግብ።

ሐሙስ፣ ጥር 10

አሬይ ተማርን። አሬይ ማለት አንድ ዓይነት ነገር የሚቀመጥባቸው፣ መጠናቸው እኩል የሆነ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ሣጥኖች ናቸው። አምስት ሚዛን ካለህ አምስት ሣጥን ታዘጋጃለህ። እስከዚህ ጤነኛ ነገር ነው። ከዚያ መምህርቷ ሣጥኖቹን መቁጠር ጀመረች፤ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

እጄን አወጣሁ። «መምህር፣ የመጀመሪያው ሣጥን ዜሮ ነው እያሉኝ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ዜሮ ማለት የለም ማለት ነው። እኔ በሌለ ሣጥን ውስጥ ሚዛን አላስቀምጥም።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ አሁን ያለነው ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?»

«ሦስተኛ።»

«ምድር ቤቱን ቆጥረውታል?»

አልቆጠርኩትም።

«የለም እንዴ ምድር ቤቱ?» አለ ሽቦ ከጎኔ። «የእኛ ክፍል እኮ እዚያ ነው! ዕድሜያችንን የጨረስነው በሌለ ቤት ነው በሉኛ።»

መምህርቷ ቀጥላ፣ ቁጥሩ የሣጥኑ ማዕረግ ሳይሆን ከመነሻው ያለው ርቀት መሆኑን አስረዳች። የመጀመሪያው ከመነሻው ምንም አይርቅም፤ ስለዚህ ዜሮ። ጥሩ መልስ ነው። ጥሩ መልስ ከመጥፎ መልስ ይበልጥ ያናድዳል፤ የምትለውን ያሳጣሃል።

ስንወጣ ኃላፊዋ ደረጃው ላይ ደረሰችብኝ። «ያ የዜሮው ነገር፣ የመጀመሪያው ከራሱ ስለማይርቅ ነው አይደል?» አለችኝ። «አዎ» ብዬ አለፍኳት። ልትፈትነኝ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 11

የወፍጮ ቤት ሚዛን ሁለት፣ የሥጋ ቤት አንድ። የሥጋ ቤቱ ወደ ባለቤቱ ያደላል። መለስኩት። ተጨቃጨቀ። ለማንበብ ጊዜ የለም። በጽሑፍ የጠየቅኩት መልስ አልመጣም።

ማክሰኞ፣ ጥር 15

አምስት ሚዛን አስገብቼ ስድስት ወጣልኝ። ስድስተኛው ሠላሳ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ አራት ኪሎ ይመዝናል ይላል።

«ጋሼ መርከብ ሊመዝኑ ነው!» ብሎ ሽቦ ለክፍሉ አወጀ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሣጥኖቹን አንድ በአንድ እየጎበኘ እንዲያሳየኝ ፕሮግራሙን ሳዝ፣ «ከአምስት እስካነሰ ድረስ» ማለት ሲገባኝ «እስካነሰ ወይም እኩል እስከሆነ ድረስ» ብያለሁ። ከዜሮ ለሚነሳ ሰው አምስት ማለት ስድስተኛው ነው። ስድስተኛ ሣጥን ደግሞ አልሠራሁም።

«ሣጥን ከሌለ ለምን አልከለከለኝም?» አልኩ። ሳላውቀው ጮኼ ኖሯል።

«ሲ አይከለክልም ጋሼ። ሂድ ያሉት ቦታ ይሄዳል፤ እዚያ ወድቆ ያገኘውን ቁጥር አንስቶ ያመጣልዎታል። ጠንቅቀው ይጽፋሉ ብሎ ያምንዎታል።»

ከመሥሪያ ቤቴ ይልቅ የሚያምነኝ ቋንቋ ተገኘ።

እሑድ፣ ጥር 20

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከስትራክት ጋር ዋልኩ። አሬይ ተመሳሳይ ነገሮችን ይደረድራል። ስትራክት ግን ዓይነታቸው የተለያየ፣ ባለቤታቸው ግን አንድ የሆኑ ነገሮችን በአንድ ጥቅል ያስራል። የሚዛኑ ባለቤት ስም በፊደል ነው፤ የመሸከም አቅሙ ቁጥር ነው፤ የሚያሳየው ስሕተት ሌላ ቁጥር ነው። ሦስቱን አንድ ላይ አስረህ «ሚዛን» ትለዋለህ። ከዚያ የሚዛኖች አሬይ ትሠራለህ፤ ጥቅሎቹ ተሰልፈው ይቆማሉ። የምትፈልገውን ጥቅል ትጠራለህ፣ ነጥብ ታደርጋለህ፣ የምትፈልገውን ነገር ትጠይቃለህ። የሁለተኛው ሚዛን፣ ነጥብ፣ አቅም። ወዲያው ይመልስልሃል። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አይልህም፤ «ነገ ይመለሱ» አይልህም።

ሰው ይህን ሲያስብ እንዴት ያለ ንጹሕ ጭንቅላት ቢኖረው ነው!

«ምን ተገኝቶ ነው የምታፏጨው?» አለች ባለቤቴ።

«አላፏጨሁም።»

«ታዲያ ማን ነው? ማቀዝቀዣው?»

ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «ለእኔ ስትራክት ብትሠራልኝ ምን ምን ታስገባበታለህ?»

«ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ…»

«ዕድሜውን ተወው። ትዕግሥት የሚል አስገባ። ትልልቅ ቁጥር የሚይዝ ይሁን፤ ባለቤትህን ታውቃታለህ።»

አስገባሁላት። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሰጠኋት። ወደ ሥራ ሳትገባ በፊት ሁለት ጊዜ መጥታ አየችው።

ረቡዕ፣ ጥር 23

ኮሪደር ላይ የሰማሁት። መምህርቷና ኃላፊዋ መስኮቱ አጠገብ ቆመዋል፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

ኃላፊዋ፦ «በዚህ ዕድሜ ጭንቅላት አይቀበልም እኮ። ዛሬ የገባው ነገ የለም። ትርፉ ሰው ፊት መዋረድ ነው።»

መምህርቷ፦ «ኧረ አይዞዎት፣ ይለመዳል።»

ስለ እኔ መሆኑን ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። የሚገርመኝ የመምህርቷ ነገር ነው። የተሰደብኩት እኔ፣ «አይዞዎት» የምትባለው ኃላፊዋ!

ማመልከቻዬ ሁለት ሳምንት አለፈው። መልስ የለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 1

በሚመጣው ሐሙስ እያንዳንዳችን የሠራነውን ፕሮግራም ለክፍሉ እናሳያለን። ኃላፊዋም ትገኛለች፤ መቼ ቀርታ ታውቃለች።

መምህርቷ፣ «የባለቤቶቹን ስም በላቲን ፊደል ጻፉት፤ ለአሁኑ ይቀላል» አለች። እኔ የደንበኛን ስም በላቲን አልጽፍም። ዳቦ ቤቱ ዳቦ ቤት ነው።

«ጋሼ፣ ሲ በእኛ ፊደል ላይ ጠባይ ያመጣል ይባላል።»

«ጠባዩን እኔ አስተካክለዋለሁ» አልኳት።

ስም ለሲ የፊደላት አሬይ ነው፤ ስለዚህ ስንት ሣጥን እንደሚያስፈልገው አስቀድመህ ትወስናለህ። ቆጠርኩ። ከደንበኞቻችን ረጅሙ ስም «የመድኃኒት መደብር» ነው፤ ከነክፍተቱ አሥራ አንድ። ሲ በስም መጨረሻ ላይ ለሚያኖራት የማብቂያ ምልክት አንድ ጨመርኩ። አሥራ ሁለት ሣጥን። ጠንቃቃ ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው። «ሱቅ»፣ «ወፍጮ»፣ «ባንክ» ብዬ ሞከርኩ፤ ሦስቱም እንደ ሙሽራ አምረው ወጡ። ረጅሙን ስም ለማሳያው ቀን አቆየሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 8

እስኪ ከመጀመሪያው በተራ ልጻፈው።

በእኛ ክፍል ሚዛን ሲመጣ መጀመሪያ ይመዘናል፤ የማን እንደሆነ የሚጻፈው በመጨረሻ ነው። ይህን ያስለመድኩት እኔ ነኝ። የባለቤቱን ስም ቀድመህ ካየህ እጅህ ሳታውቀው ያዳላል። ፕሮግራሙንም እንደዚያው አደረግኩት። በስትራክቱ ውስጥ ስሙ ከፊት፣ አቅሙ ከጎኑ ነው የተቀመጡት፤ ስንሞላቸው ግን አቅም፣ ስሕተት፣ ከዚያ በመጨረሻ ስም ነው።

ተነሥቼ ይህን ሁሉ አብራራሁ። ምናልባት ትንሽ አስረዘምኩት። በፊደላችን መጻፌንም ጠቀስኩ። ሁለት ጊዜ ጠቀስኩት። ከዚያ የመድኃኒት መደብሩን አስገባሁ፣ ቀጥሎ ሱቁን አስገባሁ፣ «አሳይ» አልኩት። ግድግዳው ላይ፣ በትልልቁ፣ ይህ ወጣ፦

የባለቤት ስም፦ የመድኃኒት ?ሱቅ

አቅም፦ ከዜሮ በታች አምስት መቶ አሥር ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ሰባት ኪሎ።

ስሕተቱን አልጽፈውም።

ከዚያ ሽቦ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሚዛን እኮ ዕቃ ሲጭኑበት ይበርራል!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ እንኳ አፏን በእጇ ያዘች።

ያልሳቀችው ኃላፊዋ ብቻ ነች። «እኔ እኮ ታዛቢ ያልኩት ይህን ፈርቼ ነው» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ወደ እኔም አላየችም፤ የምታየው ጠረጴዛዋን ነበር።

ኮቴን ጥዬ ወጣሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 9

ሽቦ ጠዋት ኮቴን ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ ትናንት…» ሲል አላስጨረስኩትም። «አንተ ቀልደኛ ነህ፤ ሄደህ ሰርከስ ግባ» አልኩት። ሰው ፊት።

ኮቱን ይዞት የመጣው በመስቀያ ነበር፤ እንዳይጨማደድብኝ።

ቀኑን ሙሉ ማንም አልቀለደም። ክፍሉ እንዲህ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ደስ አይልም።

እሑድ፣ የካቲት 11

ሥልጠናውን ልተው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህም ባልጻፍኩት።

ባለቤቴ ከሥራ ገብታ ኮምፒዩተሩ እንደተዘጋ አየች። «ምጥ መሃል ላይ ‹በቃኝ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ› የሚሉኝ አሉ» አለች። «ምን ትያቸዋለሽ?» አልኳት። «እሺ እላቸዋለሁ። ከዚያ እንቀጥላለን።» ልትተኛ ገባች።

ከፈትኩት። ትክክል ነው ብዬ ያለፍኩትን ነገር ልፈትሽ አልኩ። ያለፍኩት ነገር ቆጠራዬን ነው። «ሱቅ» የሚለው ስም ስንት ሣጥን እንደያዘ ፕሮግራሙን ራሱን ጠየቅኩት።

ስድስት አለኝ።

ሁለት ፊደል ነው! ተሳድቤ ደግሜ ጠየቅኩት። ስድስት። «ባንክ» አልኩት፤ ዘጠኝ። «ሀ» ብቻ ጻፍኩ። ሦስት!

አንዱ ፊደላችን ሦስት ሣጥን ይይዛል። ላቲኑ አንድ ይበቃዋል፤ የእኛ ሰፊ ቤት ይፈልጋል። «የመድኃኒት መደብር» አሥር ፊደል፣ ሠላሳ ሣጥን፣ ለክፍተቱ አንድ፣ ለማብቂያው አንድ፤ ሠላሳ ሁለት። እኔ የሰጠሁት አሥራ ሁለት ነው። ስሙ አራት ፊደል ተቀምጦ ቦታ ሲያልቅበት ወደ ጎረቤቱ ወደ አቅም ቤት ገባ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሱቁ ጥቅል ተሻገረ። ሱቁ መጥቶ ስሙን ሲጽፍ የመድኃኒት መደብሩን ጅራት ደፈጠጠው። ያ ከዜሮ በታች የሆነ ጉድ ቁጥርም ሌላ አይደለም፤ «ኒ» ከ«ት» መጀመሪያ ጋር ሆኖ እንደ ቁጥር ተነብቦ ነው።

የሚገርመው ይህ ነው። ስሙን መጀመሪያ አስገብተን ቢሆን ኖሮ ቁጥሮቹ በላዩ ላይ ይጻፉና ደህና ይመስሉ ነበር፤ ስሙ ብቻ ተቆርጦ ይወጣ ነበር። እኛም «ያው የፊደል ችግር ነው» ብለን እናልፈው ነበር። ያጋለጠው የክፍላችን ልማድ ነው።

ባለቤቴ ብርድ ልብስ ተከናንባ መጣች። «ምንድን ነው የምትጮኸው?»

«አንድ ፊደል ሦስት ሣጥን ይበላል! ፕሮግራሜ ሁሉ ስሕተት ነው!»

«ታዲያ ለምንድን ነው ደስ ያለህ?»

አሥራ ሁለቱን ሰርዤ ሠላሳ ሁለት ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 13

ለመምህርቷ አሳየኋት። ወንበር ሳትስብ ቆማ አነበበች፤ ከዚያ ወንበር ሳበች።

«እኔ እኮ በፊደላችን ሞክሬው አላውቅም ጋሼ» አለች። «‹ጠባይ ያመጣል› ያልኩዎትም ሲባል ሰምቼ ነው። ምን ጠባይ ብለው ቢጠይቁኝ አልመልስም ነበር።»

ይህን ስትል ምንም አላፈረችም። እኔ በእሷ ዕድሜ እንዲህ ማለት አልችልም ነበር። አሁንም እቸገራለሁ።

ሐሙስ እኔ እንዳስረዳ ጠየቀችኝ። ሥራ ይበዛብኛል አልኳት። «እሺ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ» አለች። ሃያ ደቂቃ ይበቃኛል አልኳት።

ሐሙስ፣ የካቲት 15

ሃምሳ ደቂቃ ተናገርኩ። ማንም አልተነሣም።

ሽቦ ከተለመደው ወንበሩ ሁለት ወንበር ርቆ ተቀምጦ ነበር። መሃል ላይ እጁን አወጣ፤ እጁን ሲያወጣ አይቼው አላውቅም። «ጋሼ፣ የእኔ ስም ስንት ሣጥን ይፈጃል?»

«ሽቦ፣ ሁለት ፊደል፣ ስድስት። ማብቂያው ሲጨመር ሰባት። ከነአጥንትህ ነው እንግዲህ።»

ከሁሉ በላይ የሳቀው እሱ ነው። በኋላ ስንወርድ «ስለ ኮቱ አመሰግናለሁ» አልኩት። ልናገር ያሰብኩት ረዘም ያለ ነበር፤ አልወጣልኝም።

«ሰርከሱ ቦታ የለም ብሎኛል» አለኝ። «እዚሁ ልቆይ?»

«ቆይ» አልኩት።

ኃላፊዋ ከመጨረሻው ረድፍ ወደ ሁለተኛው ወርዳለች። እሷም ጠየቀች። «የስሙን ርዝመት አስቀድመን የማናውቅ ከሆነስ? ሁልጊዜ ሠላሳ ሁለት አይበቃም።» ልክ ናት፤ ወሰን አስቀምጠህ፣ ስሙን ስትቀዳ ወሰኑ ላይ ቁም ማለት ያስፈልጋል። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኩ፤ አመለጠኝ። አንገቷን ደፍታ ጻፈች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ምን እንደነካት አላውቅም።

ረቡዕ፣ የካቲት 21

ሽቦ በምሳ ሰዓት ጠረጴዛዬ አጠገብ ይቀመጣል። እያስተማርኩት አይደለም። እኔ ጮክ ብዬ አስባለሁ፤ እሱ ይጽፋል።

ፈተናው መጋቢት 11 ቀን ነው፤ በወረቀት ነው ተባለ። ኮምፒዩተር የለም፤ ሞክረህ የምታርመው ነገር የለም። መምህርቷ የሰጠችንን የመለማመጃ ፈተና ሰዓት ይዤ ሠራሁት። ከሃያ አሥራ አንድ። ማለፊያው አሥራ ሁለት ነው። በጥድፊያ ጊዜ እጄ አሁንም ከአንድ ይጀምራል።

ሽቦ አሥራ አራት አግኝቷል። እኔ ስንት እንዳገኘሁ አልጠየቀኝም። ይህ ደግሞ ይብሳል።

ሰኞ፣ የካቲት 26

ኃላፊዋ አስጠራችኝ። በሩን ዘጋች። «ፈተናው ይቅርብዎ» አለችኝ። «መምህርቷ መስክራለች። አዲሱ ጠረጴዛ የእርስዎ ነው። ያለ ፈተና ይመደባሉ።»

እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። አሥራ አንዷ ቁጥር ፊቴ ላይ ነበረች። ሰባት ሳምንት የተጣላሁበት ነገር ይኸው፣ በሳህን ቀረበልኝ፤ ከመዝገብ ክፍል ዳንኩ።

«ሌሎቹስ?» አልኩ። «ከሃምሳ በላይ የሆኑት?»

«ሌሎቹ… እንግዲህ ታዛቢ ናቸው።» እስክሪብቶዋን ከፍታ ዘጋችው። «በወረቀት ነው አሉ ፈተናው። እርስዎ ግን አይፈሩም?»

«ምን ያስፈራል!» አልኳት። ዋሸሁ። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። የጠረጴዛው ነገር ብዙም አላስደሰታትም። «ሴትዮዋ ስንት ዓመቷ ነው?» አለች።

«አብረን ነው ሥራ የጀመርነው። እኩያዬ ናት። ምን አገናኘው?»

«በየሳምንቱ ትመጣለች አላልከኝም?»

«ልትሰልለኝ ነዋ።»

ባለቤቴ ትኩር ብላ አየችኝ። ልጁ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው እናትየዋን የምታያት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።

«ምን?» አልኳት።

«ምንም። እየመጣልህ ነው።»

ዓርብ፣ የካቲት 30

መጣልኝ። ሦስት ቀን ፈጀ፤ ስለዚህ ዝርዝሩን አልጽፍም። ደረጃው ላይ የጠየቀችኝን ጥያቄ፣ ኮሪደር ላይ «አይዞዎት» የተባለችበትን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አስታወስኩ። ማስታወቂያውን የጻፈችው ለራሷ ፈርታ ነው፤ እኔ የተቆጣሁት በእኔ ላይ የተጻፈ መስሎኝ ነው። ያም ሆኖ ማስታወቂያው ስሕተት ነው፤ ፈርታ ጻፈችው ተብሎ ልክ አይሆንም። እንዲያውም በዚህ ምክንያት ይበልጥ መሰረዝ አለበት።

ሰኞ ጠዋት በእጄ የማስገባውን ጻፍኩ። ባለቤቴ አነበበችው። «አጥብቄ» የሚለው ቃል አራት ቦታ አለ አለችኝ። ሦስቱን አወጣሁ። እዚህ የምገለብጠው የመጨረሻውን ነው።

«ለሰው ኃይል ክፍል፦

ጥር 7 ቀን በወጣው ማስታወቂያ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆንን ሠራተኞች ታዛቢ ተብለናል። የካቲት 26 ቀን ደግሞ እኔ ብቻ ያለ ፈተና አዲሱ ጠረጴዛ ላይ እንደምመደብ በቃል ተነግሮኛል። ሁለቱንም አልቀበልም። ክፍሌ ሳይፈተሽ ያሳለፈው ሚዛን የለም፤ ስለዚህ እኔም ሳልፈተን ማለፍ አልችልም። መጋቢት 11 ቀን ከሌሎቹ ጋር እቀመጣለሁ። በመለማመጃው ከሃያ አሥራ አንድ አግኝቻለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ውጤቴን አስቀድሜ አውቄ እንዳልጠየቅኩ እንዲታወቅ ነው። ብወድቅ መዝገብ ክፍል እገባለሁ፤ አቤቱታም አላቀርብም።

የታዛቢነቱ አንቀጽ እንዲሰረዝ የምጠይቀው ግን ለእኔ ብቻ አይደለም። ትምህርቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳያቋርጡ የተከታተሉ፣ ሐሙስ የካቲት 15 ቀን ከክፍሉ ሁሉ የተሻለውን ጥያቄ የጠየቁ ሌላ ባልደረባ አሉ። ማስታወቂያውን የፈረሙት እሳቸው ናቸው። የእሳቸውም ስም ከተፈታኞች ጋር እንዲገባ እጠይቃለሁ። እኔና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በምሳ ሰዓት እንለማመዳለን፤ ሦስተኛ ወንበር አለን። ትዕግሥቴ ትንሽ መሆኑን ግን አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

የሁለታችን ስም የተካተተበት የተፈታኞች ዝርዝር፣ ወይም የማይካተትበት ምክንያት፣ እስከ ዓርብ መጋቢት 7 ቀን፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት፣ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ አጥብቄ እጠይቃለሁ።»